ጩማን የገደልኩበት ክረምት

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ንዴቴን ሶሲ ላይ እንዳላወጣ ነው። ሚስቴ መዋዕለ ሕፃናት ስለምታስተምር ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ለቅሶ ስትሰማ ውላ ትመጣለች፤ ማታ የእኔን መጨመር ግፍ ነው።

ዛሬ አዲሷ ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ መስከረም ቢሮዋ ጠራችኝ። ሶዶ ያለው ሬዲዮ ጣቢያችን ላይ የሰኞ ማታ ሰዓት የእኔ ነው፤ «ታላላቅ ድምፆች» ይባላል፤ የማሰማው ኦፔራ ነው። እንግዲህ እስከ ጊፋታ፣ እስከ ወላይታ ዘመን መለወጫ በዓል ድረስ አድማጭ እንዳለው ካላሳየሁ ሰዓቱ ለጦና ይሰጣል። ጦና የስፖርት ጋዜጠኛችን ነው፤ የእንግሊዝ ክለብ አሰልጣኞችን ከአክስቶቹ ልጆች ይልቅ ያውቃቸዋል። አድማጭማ አለኝ አልኳት። ታዲያ ለምን አይደውልም አለች። የኦፔራ አድማጭ ጨዋ ነው፣ ዝም ብሎ ነው የሚያዳምጠው አልኩ። ዝም ብሎ የሚያዳምጥና ጨርሶ የማያዳምጥ ሰው በእኛ ስልክ ላይ ልዩነት የላቸውም አለችኝ።

ብልህ ሴት ናት። ጠላኋት።

ነሐሴ 7

የዳሞታ ተራራ ደመና ውስጥ እንደገባ ነው፤ መብራትም የለም። በሻማ ነው የምጽፈው።

ስለ ካርቶኑ ልጻፍ። አንድ የውጭ ድርጅት ቢሮውን ዘግቶ ሲሄድ ዕቃውን ለጣቢያችን ትቶልን ነበር፤ ወንበሮች፣ የማይሠራ ፕሪንተር፣ አንድ ካርቶን ሲዲ። ለወንበሮቹ ሰው ሊደባደብ ምንም አልቀረውም። ካርቶኑን ግን ጽዳቷ ልትጥለው ስትል ነው የተቀበልኳት። አንዱን ስቱዲዮ ውስጥ ብቻዬን ከፈትኩት፤ አንዲት ሴት ናት። መጀመሪያ ሳቅኩ። ሁሉም መጀመሪያ ይስቃል። ቆይታ ግን አንድ ቦታ ደረሰችና ድምጿን ወደ ታች አመጣችው፣ አሳነሰችው፣ ክር አደረገችው፤ ከኋላዋ ያ ሁሉ ሰው ቫዮሊኑን እየገዘገዘ፣ መለከቱን እየነፋ፣ እሷ በዚያች ክር ሁሉንም አልፋ ወጣች። ማይክ የላትም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ማይክ የላትም። (ለማን ነው «ልብ በሉልኝ» የምለው? እዚህም አየር ላይ ያለሁ መስሎኛል።)

እኛ ከተማ ያለ ማይክ የሚናገር ሰው ጠፍቷል። ሰርጉ በማይክ፣ ስብከቱ በማይክ፣ የአይጥ መርዝ ሻጩ እንኳ በማይክ። እሷ ግን ያላት ሆድና ጉሮሮ ብቻ ነው። ትንፋሹን ከሆዷ ታመጣዋለች፣ ራስ ቅሏ ውስጥ ታስተጋባዋለች፣ ከዚያ አዳራሹ መጨረሻ ርካሽ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ጆሮ ውስጥ ታስገባዋለች። ያን ቀን ምሳ መብላቴን ረሳሁ።

ሶሲ ግን «ጥርሷን ያለ ማደንዘዣ እየነቀሏት ነው» ትላለች። ሚስት እንጂ ጆሮ አላገባሁም።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

ዛሬ ስልክ ተደወለ። ዘልዬ አነሳሁት። ሰውዬው የጠፋ መታወቂያ ሊያስነግር ነው። እስቲ ከመታወቂያው በፊት ይህን ቴነር፣ ከፍ ያለ ድምፅ ያለውን ዘፋኝ፣ ይስሙልኝ ስለው ዘጋብኝ።

ስወጣ ጦና ኮሪደር ላይ ለቴክኒሻኑ፣ በመክብብ ሰዓት፣ በእኔ ሰዓት ማለቱ ነው፣ ጄኔሬተሩን ብናሳርፈው ነዳጅ እናተርፍ ነበር ሲለው ሰማሁ። ሲያየኝ ሰላም አለኝ፣ ሶሲ ደህና ናት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ የሚያናድደኝም ይሄ ነው።

ነሐሴ 17

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። አልጽፈውም።

ነሐሴ 18፣ እሁድ

እሺ፣ ልጻፈው። ውሸት አይደለም። አድማጭ እንዳለኝ አውቃለሁ፤ የጠፋው የሚደውል ብቻ ነው። ያ የማይደውለው ሰው ቢደውል ኖሮ የሚለውን እኔ ብልለት ምን ነውር አለው? ውክልና ነው።

ስሙን ጩማ አልኩት። ገበያ መሃል ቆመህ ጩማ ብለህ ብትጣራ ግማሹ ሰው ይዞራል። አገሩን ብላቴ ወንዝ አጠገብ ያለችውን ቢጠና አደረግኩት፤ ከመሥሪያ ቤታችን እዚያ ዘመድ ያለው የለም፣ መንገዱም ሰው ያሰለቻል። ከቅዳሴ መልስ ሶሲ ጎረቤት ብቅ ስትል መታጠቢያ ቤት ገባሁና አፌን ጣሳ ውስጥ ከትቼ በስልኬ ቀዳሁት። ጣሳው የገጠር መስመር ያስመስለዋል። ድምፄን አወፈርኩ፣ መሃል መሃል ላይ ሳልኩ። አያቶቼ ከሰሜን ይምጡ እንጂ እኔ ሶዶ ነው ያደግኩት፤ በወላይትኛ አፉን የፈታ ሽማግሌ አማርኛ ሲናገር እንዴት እንደሚል ከማንም በላይ አውቃለሁ።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

አለፈ። አንዲት ሶፕራኖ፣ ቀጭን ድምፅ ያላት ዘፋኝ፣ አሰማሁና ቅጂውን በስልክ እንደገባ አስመስዬ ለቀቅኩት፤ ማንም አልነቃም። የጩማን ቃል እንዳለ ልገልብጠው፤ ስለወደድኩት ነው።

«እኔ ጩማ ነው፣ ከቢጠና ነው የምደውል። ያ ሴትዮ በደንብ ዘፈነ። ከብት ከብላቴ ማዶ ሲሆን እኛ አንጮህም። ከጮህክ ንፋስ ይወስደዋል። ድምፅህን ቀስ ብለህ ማዶ ታስቀምጠዋለህ፣ ከብቱ ይመጣል። ያ ሴትዮ እንደሱ ነው ያደረገው።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ያለ ጽሑፍ፣ ጣሳ ውስጥ። በራሴ ድምፅ ስናገር ለምን እንዲህ አይመጣልኝም? በራሴ ድምፅማ «የአተነፋፈስ ሥርዓትና የድምፅ አወጣጥ ጥበብ» ነው የምለው። እኔም ብሆን ለራሴ አልደውልም ነበር።

ነሐሴ 20

ወይዘሮ መስከረም በር ላይ አገኘችኝ። ትናንት የደወሉት አባት ደስ ይላሉ አለች። ቀጠል አድርጋ፣ ሳል ይዟቸዋል መሰለኝ፣ አንተም ስትስል ሰማሁ፣ ዝንጅብል በማር ጠጣበት አለችኝ። ለካ አሳቢ ሴት ናት።

ነሐሴ 26፣ ሰኞ

ጩማ ለሁለተኛ ጊዜ ደወለ። ዛሬ የወፍራም ድምፅ ቀን ነበር፤ ባስ የሚሉት፣ ከደረት ሥር የሚወጣው። እኔ ስለ ድምፁ ውፍረት አብራራሁ። ጩማ ግን ምን አለ? ያ ሰውዬ ሽማግሌ ነው፣ ወጣት እንደዛ አይችልም፣ ድምፁ ውስጥ የሞተ ልጅ አለ፣ በችግር የተሸጠ በሬ አለ አለ። ስቀዳው ጣሳውን ከአፌ አውርጄ አየሁት።

ከዚያ ግን ያልታሰበ ነገር ከአፉ ወጣ። ኳስ የሚባለው ነገር ሽማግሌ ሲሆኑ አይረባም፣ ድምፅ ግን ሲያረጅ ይጣፍጣል አለ። እኔ እንዲህ በል አላልኩትም። ጦና ፊቱ ጠቁሮ ዋለ፤ ይህን ጩማ የሚባል ሰው አግኝቼ ማስረዳት አለብኝ እያለ ነው።

ነሐሴ 29

ባጃጅ ውስጥ። አንዱ ስልኩ ላይ ሲጮህ አጠገቡ ያለው፣ አትጩህ ወንድሜ፣ ቀስ ብለህ ማዶ አስቀምጠው አለው። ሁሉም ሳቁ። ከየት ሰማኸው ብዬ ጠየቅኩት። ሬዲዮ ላይ ሰኞ ሰኞ የሚደውል ጩማ የሚባል ሽማግሌ አለ አለኝ። አቅራቢውስ እንዴት ነው አልኩት። የቱ አቅራቢ አለኝ።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ሦስተኛው የጩማ ስልክ። ቴነር ከፍ ያለውን ድምፅ ሲይዝ ሰው ለምን ትንፋሹን ይውጣል? ጩማ እንደሚለው፣ ሊሰበር ስለሚችል ነው። እንሥራ በጀርባዋ አዝላ ዳገት የምትወጣን ሴት ቆመህ እንደማየት ነው፤ ውሃውን ጠጥተኸው አታውቅም፣ ግን እንዳይደፋ ትጸልያለህ። የማይሰበር ድምፅ ቢኖር ማን ይሰማዋል?

እራት ላይ ሶሲ ስለ ጩማ አነሳች። ሰውየው ልብ አለው፣ እንደ አንተ አይመጻደቅም አለች። ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ እያልኩ ሳስብ፣ ጣሳውን ስትጨርስ መልስልኝ፣ ውሃ የምቀዳበት ነው አለችና ሰሃኖቹን አነሳች።

መስከረም 2

አዲስ ዓመት ገባ። ትናንት ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስለ ጩማ አሰብኩ። ጤንነቱን ልለምንለት ስል ራሴን ያዝኩት።

መስከረም 6፣ ማክሰኞ

ጉድ ፈላ።

በስብሰባ ላይ ወይዘሮ መስከረም የጊፋታ ልዩ ዝግጅት እንደሚኖር አስታወቀች። የዓመቱ ምርጥ አድማጭ ይሸለማል፤ ሽልማቱ ዱንጉዛ ነው፣ ቀይና ጥቁርና ቢጫው የታወቀው የወላይታ ልብስ። ተሸላሚው ጩማ ከቢጠና። ስቱዲዮ መጥተው በቀጥታ ስርጭት ይቀበላሉ፣ ትራንስፖርቱን ጣቢያው ይችላል። ሁሉም አጨበጨበ፤ ጦና ሳይቀር። ስትናገር ዓይኗ ከእኔ ላይ አልተነሳም፤ የሥራዬን ፍሬ አይቼ እንድደሰት ይመስለኛል። መክብብ፣ አንተ አምጣልን፣ ስልካቸው አንተ ጋ ነው አለችኝ።

አዎ አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

መስከረም 7

ጉዞ ላይ ነው ልበል? እንጠብቀዋለን ትላለች።

መስከረም 8

ታሟል ልበል? ሆስፒታል ሊጠይቁት ይሄዳሉ፤ ብርቱካን ገዝተው።

መስከረም 9

ገበያ ላይ ለአንድ ሽማግሌ ነገሩን በዘዴ አነሳሁባቸው። ስለ ሶፕራኖ ሁለት ቃል ብቻ ይናገራሉ አልኳቸው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ስለ ማላውቃት ሴት አልናገርም አሉኝ።

መስከረም 10፣ ቅዳሜ

እንቅልፍ የለም። ጦና «ከሰኞ ጀምሮ አዲስ ሰዓት» የሚል ማስታወቂያ ቀድቶ አስቀምጧል፤ ቴክኒሻኑ ነው የነገረኝ። ጩማ ካልመጣ ሰዓቴ ተወሰደ። ጩማ እኔ መሆኔ ከታወቀ ደግሞ ሰዓቴ ብቻ አይደለም የሚወሰደው፤ በየባጃጁ ሊሳቅብኝ ነው።

የማይታመም፣ የማይጓዝ፣ የማይጠበቅ አንድ ዓይነት ሰው ብቻ አለ። ይቅር በለኝ፣ ጩማ።

መስከረም 12፣ ሰኞ

ገደልኩት።

በአየር ላይ እንዲህ አልኩ፤ ውድ አድማጮቻችን፣ ቢጠና የሚኖሩት ወዳጃችን አቶ ጩማ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማስመሰል አልነበረም፤ እንባዬ መጣ። ያን ሽማግሌ ወድጄው ነበር። አንዲት ሶፕራኖ አስከተልኩ፤ ገና ዘፈኑ ሳያልቅ ስልኩ መጥራት ጀመረና አላርፍ አለ። ከአረካ፣ ከቦዲቲ፣ ከገሱባ፣ ከሶዶ። ነፍስ ይማር ይላሉ፤ ያችን ብላቴ ማዶ የምትለዋን ያስታውሳሉ። ስንት ሰኞ የለመንኩት ስልክ ይኸው ደወለ። ስለ ዘፈኑ የጠየቀኝ ግን አንድም የለም።

መስከረም 13

ወይዘሮ መስከረም ጠዋት ጥቁር ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መጣች። ነገ ለቅሶ እንደርሳለን አለች። ሚኒባሱ ተዘጋጅቷል፣ ሠራተኛው በሙሉ ይሄዳል፣ ዱንጉዛውንም ለቤተሰቡ እናስረክባለን።

ለቅሶ። ይሄን አላሰብኩም። እንዴት አላሰብኩም? የት አገር ነው ያደግኩት?

ለሶሲ ሁሉንም ነገርኳት። ሳቀች፣ ደረጃው ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች፤ ዓይኗን በቀሚሷ እየጠረገች፣ «ሰው ገድለህ ለቅሶ የሌለ መሰለህ?» አለችኝ። ምን ላድርግ ስላት፣ የምትወደው ያን የሰኞ ማታ ሰዓት ከሆነ ሂድና ተዋረድበት፣ ካልሆነ ለጦና ስጠውና አርፈህ ተኛ አለች። ተናደድኩ። እውነቷን ስለሆነ ነው የተናደድኩት። የምወደው እሱን ነው፤ በዚህ ከተማ ውስጥ የራሴ ብዬ የምጠራው ያችን ሰዓት ነው፤ ሌላ ምንም የለኝም ማለቴ አይደለም፣ ግን ያችን ሰዓት ቢወስዱብኝ የቀረው ሳምንት ምን እንደሆነ አላውቅም።

መስከረም 14፣ ረቡዕ

ዛሬ ሁሉንም መጻፍ አለብኝ።

ጠዋት ተነሳን። ሾፌራችን ቶማ፣ ከፊት ጦና፣ ከኋላ የተቀረው ሠራተኛ። ወይዘሮ መስከረም አጠገቤ ተቀመጠች። መንገዱን ሁሉ ስለ ጩማ ትጠይቀኛለች፤ ስንት ልጆች ነበሯቸው፣ ቤታቸው ከዋናው መንገድ ይርቃል ወይ፣ ማን ነው መሞታቸውን የነገረህ። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ። እየተጠጋን ስንሄድ ሙቀቱም ጨመረ። እሷ አልፎ አልፎ መሃረብ ታቀብለኛለች። የምትናገረው ነገር ካለህ ከመድረሳችን በፊት ብትናገር ይሻላል አለችኝ አንድ ጊዜ፤ ስለ ለቅሶ ንግግሩ መሰለኝ።

ቢጠና መግቢያ ላይ ቆረጥኩ። ልናዘዝ አፌን ከፈትኩ፤ «ወይዘሮ መስከረም፣ እርስዎ መልካም ሰው ነዎት» ብዬ ጀመርኩ። ልክ ያኔ ቶማ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ መንገድ ዳር የቆመውን ሰው የጩማ ለቅሶ የት ነው ብሎ በወላይትኛ ጠየቀው።

ሰውዬው አላመነታም። ከቤተ ክርስቲያኑ አለፍ ብሎ፣ ድንኳኑ ይታያል አለ።

እኔ ወይዘሮ መስከረምን አየኋት። እሷ እኔን አየችኝ። አፏ ተከፍቶ ቀረ፤ ሙቀቱ መሆን አለበት።

ድንኳን አለ። ሰው አለ። ጥቁር የለበሱ ሴቶች አሉ። የሟች ልጅ እስራኤል የሚባል ጎልማሳ ተቀበለን፤ ከሶዶ ለአባቱ ሚኒባስ ሙሉ ሰው መምጣቱ አስደንግጦታል። ወይዘሮ መስከረም ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ አባታችሁ ሬዲዮ ይሰሙ ነበር ወይ አለችው። ሬዲዮ ከጆሮው አይለይም ነበር አለ፤ ምን እንደሚሰማ ግን እኛ አናውቅም፣ ማታ ማታ ብቻውን ግቢው ጫፍ ተቀምጦ ነው የሚሰማው። መቼ አረፉ አለችው። እሁድ አለ። እኔ ሰኞ ነው የገደልኩት። ጦና ደግፎ አግዳሚ ላይ አስቀመጠኝ፤ በጣም ይዋደዱ ነበር ብሎ ለሰዎቹ ነገራቸው።

ከዚያ ጦና ተነሳና በወላይትኛ ተናገረ። ይህ ሰው የዓመቱ ምርጥ አድማጭ ነበር አለ፤ ከባሕር ማዶ ያሉ ታላላቅ ድምፆችን እኛ የተማርን ነን የምንለው ሳይገባን እሱ አውቋቸዋል አለ፤ ስለ ኳስ የተናገረውንም ይቅር ብዬዋለሁ አለ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። ስንት ዓመት አብረውት የኖሩት ጎረቤት እንደዚህ ያለ ሰው ኖሯል እንዴ የሚል ፊት ነበራቸው፤ ኩራት ቀስ እያለ ሲገባቸው አየሁ። ዱንጉዛውን የሟች ታላቅ እህት እማማ ፈጠነች ጉልበት ላይ አኖሩት።

እማማ ፈጠነች ትንሽ ናቸው፤ ቀጭን፣ የደረቁ። ዱንጉዛውን በሁለት እጃቸው ያዙና ተነሱ። ሙሾ ጀመሩ።

እንዴት ልጻፈው? አልጮሁም። ማዶ የእህል ወፍጮ እየሠራ ነበር፤ ሰው ያወራ ነበር፤ ሕፃን ያለቅስ ነበር። ድምፃቸው ከሁሉም በላይ ወጣና ተቀመጠ። ከዚያ አወረዱት፣ አሳነሱት፣ የወንድማቸውን ስም በአንዲት ቀጭን ድምፅ አሉት፤ የድንኳኑ መጨረሻ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ሰማት፤ ወፍጮው እየሠራ ሰማት። አንድ ቦታ ላይ ሊሰበር ደረሰ፤ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ፤ አልተሰበረም። እኔ ያን ሁሉ ዓመት በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው የኖርኩት ከሩቅ ነው ለካ። አጠገቡ ስትቆም ደረትህ ውስጥ ይገባል፤ አጥንትህ ይሰማዋል። አለቀስኩ፣ ተንሰቀሰቅኩ። የሞተውን ጩማ ነው ወይስ የኔን ጩማ፣ አላውቅም፣ ሁለቱም ናቸው መሰለኝ። ጦናም አለቀሰ።

በመልሱ መንገድ ወይዘሮ መስከረም እንደገና አጠገቤ ተቀመጠች። ዳሞታ መታየት ሲጀምር ድምጿን ቀንሳ፣ «ለመሆኑ ጩማን በዓይንህ አይተኸው ታውቃለህ?» አለችኝ። አይቼው አላውቅም አልኩ። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ኀዘኑ የከበዳት መሰለኝ።

መስከረም 15

ወይዘሮ መስከረም ወሰነች። ሽልማቱ ተሰጥቷል፣ ሰዓቱ ግን ገና አልተረፈም። መጪው ሰኞ የመጨረሻ ዕድሌ ነው። በቀጥታ የሚደወል ስልክ ብቻ፣ የተቀዳ ነገር አይገባም፣ መስመሩን የምትከፍተው ራሷ ናት። ስለ ዘፈኑ የሚደውል ካልተገኘ ጦና እዚያው ይረከባል።

ለምን የተቀዳ እንዳለች አልገባኝም።

መስከረም 16

እውነቱን ብናገር እስራኤል አባቱን ዳግም ሲቀብር ይታየኛል። ምን አደረግኩባቸው? የማያውቁትን አባት ሰጠኋቸው። ሰጠሁ ነው የሚባለው ወይስ ወሰድኩ? ሶሲ፣ እስቲ ነገ መስቀል ነው፣ ሰው እንደሆነው ሁን ትለኛለች።

መስከረም 19፣ ሰኞ

ትናንት ጊፋታ ነበር፤ ከተማው ሁሉ ሥጋና ቅቤ በልቶ ከብዶታል። ዛሬ ማን ኦፔራ ይሰማል ብዬ ነው የገባሁት።

በመስታወቱ ማዶ ወይዘሮ መስከረም ስልኩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ጦና የኳስ ወረቀቱን ይዞ ከኋላዋ ቆሟል። አንድ ቴነር አሰማሁ። ምንም። አንድ ባስ። ምንም። ስለ አተነፋፈስ መናገር ጀመርኩና ተውኩት። ሰዓቴ እያለቀ ሳለ መስመሩ በራ።

«ሬዲዮ ነው?» አሉ። ድምፃቸውን ወዲያው አወቅኩት። «እኔ ፈጠነች ነው፣ የጩማ እህት። ጩማን እኔ ነው ያሳደገው። እናታችን ሲሞት በጀርባዬ ነው ያደገው። ሬዲዮ ይሰማል፣ እኔ ዜና መሰለኝ። ይሄን ነገር ለኔ አልነገረም። የትኛው ነው የሚወደው? እሱን አሰማኝ።»

ከኋላቸው ብዙ ሰው ይሰማል፤ ሳል፣ ወንበር መጎተት፣ ዝም በሉ የሚል ሰው። ቤተሰቡ ሁሉ ሬዲዮኑን ከቦ ተቀምጧል። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ልነግራቸው ነበር። እማማ፣ የርስዎ ጩማ ዜና ነበር የሚሰማው ልላቸው ነበር። ወይዘሮ መስከረምን አየኋት፤ አንገቷን አትነቀንቅም፣ አትከለክልም፣ ታየኛለች ብቻ። አልቻልኩም። አንድ ሰው ስንት ጊዜ ይገደላል?

እማማ፣ ከሁሉም አብልጬ የምወዳትን እኔ ላሰማዎት አልኳቸው። ከካርቶኑ መጀመሪያ የከፈትኳት፣ እስካሁን አየር ላይ ያላዋልኳት ዘፋኝ አለች። ሰው ሲስቅባት ማየት ስለማልችል ለራሴ ነበር የደበቅኳት። እሷን ከፈትኩ። መስመሩ እንደተከፈተ ነው፤ ከቢጠና ሳሉ ጠፋ፣ የወንበሩ ድምፅ ጠፋ። ሰዓቴ አለቀ፤ የጦና ደቂቃ ገባ። ወይዘሮ መስከረም ወደ ኋላ ሳትዞር እጇን አነሳችና አስቆመችው። ከዚያ ወረቀት ላይ «መጪው ሰኞም ያንተ ነው» ብላ ጽፋ መስታወቱ ላይ ለጠፈችው።

ዘፈኑ አለቀ። መስመሩ ተቋረጠ ብዬ ልጠይቅ ስል እማማ ፈጠነች፣ «ይሄ ሴትዮ ማን ሞተበት?» አሉኝ።

ማንም አልሞተባትም እማማ፣ መድረክ ላይ ናት፣ ሥራዋ ነው አልኳቸው። በዚህ ክረምት አየር ላይ ያወጣሁት እውነት እሱ ብቻ ይመስለኛል።

«ትዋሻለህ» አሉኝ፣ በቁጣ አይደለም፤ ልጅን እንደሚያርም ሰው ነው። «ሰው ሳይሞትበት እንደዛ አይልም።»